በሊሚት ፖከር ተጋጣሚን በገንዘብ ገፍቶ ማስወጣት አይቻልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ፖከር ውድድሮች ያወጣችሁት ጽሑፍ ለጀማሪ የሚገባ፣ ያለ ጩኸት የተጻፈ ነው። ፖከር ቁማር ነው ወይስ ስፖርት የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳውም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ጸሐፊው የውርርዱ መጠን የተወሰነበትን ሊሚትንና ያለን ቺፕ ሁሉ በአንዴ ማስያዝ የሚቻልበትን ኖ-ሊሚትን በአንድ ምክር ጠቅልለው ማለፋቸው ነው። በላስ ቬጋስና በዋሽንግተን አካባቢ ካሲኖ ውስጥ የሚሠሩም የሚጫወቱም ወገኖች ጋዜጣውን ያነባሉ። ያን ምክር ይዞ ሊሚት ውድድር የገባ ሰው የመመዝገቢያ ገንዘቡን ቀስ በቀስ፣ የት እንደሄደ ሳያውቀው ይጨርሳል።

ከቁጥሩ ልጀምር፤ ሰንጠረዣችሁም የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ብላይንድ ካርታ ከመታየቱ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በግዴታ የሚያስይዙት ነው፤ ከፋዩም በዚሁ ስም ይጠራል። በኖ-ሊሚት የውድድር ሰሌዳ 200/400 ተብሎ ሲጻፍ ትንሹ ብላይንድ 200፣ ትልቁ 400 ነው። በሊሚት ሰሌዳ ያው 200/400 የውርርዱ መጠን ነው፤ ብላይንዶቹ 100 እና 200 ናቸው። ሁለት ሁለት ካርታ እንደታደለና ሦስቱ የጋራ ካርታዎች ማለትም ፍሎፑ ሲገለጥ፣ እያንዳንዱ ውርርድና ጭማሪ ልክ 200 ነው። በአራተኛው ካርታ በተርኑና በአምስተኛው በሪቨሩ 400 ይሆናል። ከዚያ በላይም በታችም የለም፤ በአንድ ዙር የሚፈቀደውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ውርርድና ሦስት ጭማሪ ነው። ሁለቱን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ 8,000 ቺፕ ያለው የሊሚት ተጫዋች 20 ትልቅ ብላይንድ አለው ማለት ያለውን በግማሽ መቀነስ ነው። ያለው 40 ነው።

ያ ተጫዋች በየዙሩ አንድ አንድ ውርርድ እየከፈለ እስከ መጨረሻው ቢሄድ 200፣ 200፣ 400 እና 400፣ በድምሩ 1,200 ያወጣል። በየዙሩ እስከ ጣሪያው ቢጨማመሩበት እንኳ 4,800 ነው። በኖ-ሊሚት 8,000ው በአንድ ቃል ይሄዳል። ሊሚት ዋጋ የተለጠፈበት ሱቅ ነው፤ ምርጫው መግዛት ወይም አለመግዛት ነው። ኖ-ሊሚት መርካቶ ነው፤ ዋጋው ራሱ መሣሪያ ነው። የስልቱ ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

በቁጥር እንየው። ብላይንዱ 100 እና 200 በሆነ የሊሚት ጠረጴዛ አንዱ በ400 ይከፍታል፤ ትንሹ ብላይንድ ይወጣል፤ ትልቁ ብላይንድ የጎደለውን 200 ሞልቶ ይከተላል። መሀል ያለው ፖት 900 ነው። ፍሎፑ ላይ ከፋቹ 200 ያስይዛል፣ ያኛው ይከፍላል፤ 1,300። ተርኑ ላይ 400 ሲመጣበት ፖቱ 1,700 ይደርሳል። ፍለሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) የሚጠብቀው ሰው 1,700 ለማግኘት 400 ይከፍላል፤ 4.25 ለ1። ካላያቸው 46 ካርታዎች 9ኙ ይሠሩለታል፣ 37ቱ አይሠሩለትም፤ ያለመምጣቱ ዕድል 4.1 ለ1 ነው። መክፈሉ ትክክል ነው፤ ጥሩ ጥንድ የያዘው ሰውም ይህን ለመከልከል ምንም የሚያደርገው ነገር የለም። በኖ-ሊሚት በዚያው በ1,300 ፖት ላይ 1,000 ያስይዛል። ጠባቂው 2,300 ለማግኘት 1,000 መክፈል አለበት፤ 2.3 ለ1። ካርታው ከመጣ በኋላ ብዙ ተጨማሪ ቺፕ እንደሚያገኝ ካላመነ በቀር መውጣት አለበት። እንግዲህ በኖ-ሊሚት ጠባቂው የከፈለበት እጅ «ስህተት አሠራሁት» የሚባልበት ሲሆን፣ በሊሚት ደግሞ ሁለቱም በትክክል ተጫውተው አንዱ የተሸነፈበት ነው። የኖ-ሊሚት ሰው ይህን ሲያይ «እንዴት በዚህ ይከፍላል!» ብሎ ይናደዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ከንዴት ነው።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚፈስሰው ግን በሪቨሩ ነው። ከላይ ያለው እጅ ተርኑ ላይ ተከፍሎ ፖቱ 2,100 ሆነ እንበል። ሪቨሩ ላይ 400 ሲያስይዙበት አነስተኛ ጥንድ የያዘው ሰው 2,500 ለማግኘት 400 ይጠየቃል። ከ7 ጊዜ አንዴ ብቻ ካሸነፈ አይከስርም። በኖ-ሊሚት ልምድ «ተሸንፌያለሁ» ብሎ ካርታውን የሚጥል ሰው ስድስት ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በሰባተኛው የጣለው 2,500 ግን ያዳናቸውን ስድስት 400ዎች ያስበላዋል። በኖ-ሊሚት በዚያው ፖት ላይ ሙሉ 2,100 ቢመጣበት ዋጋው 2 ለ1 ነው፤ ከሦስት አንዴ ማሸነፍ አለበት፤ እዚያ መጣል ብልህነት ነው።

ብለፍም፣ ማለትም ደካማ ካርታ ይዞ ጠንካራ መስሎ ማስያዝ፣ በዚሁ ሂሳብ ይገዛል። በሊሚት ሪቨር 2,100 ለመውሰድ 400 ማስያዝ 16 በመቶ ያህል ከተሳካ ይበቃል፤ ርካሽ ይመስላል። ችግሩ ተጋጣሚው የሚያየው ዋጋም ርካሽ መሆኑ ነው። ስለዚህ የሊሚት ብለፍ የሚሠራው በአንድ ሰው ላይ፣ እሱም ጠብቆ ያልመጣለት ሰው መሆን በሚችልበት ጊዜ ነው። ሦስት ሰው ባለበት ፖት ላይ ከተርን እስከ ሪቨር በባዶ መግፋት 800 ቺፕ መበተን ነው፤ አንዱ ይከፍላል።

ብዙ ሰው የገባበት ፖት በሊሚት ውድድር መጀመሪያ ሰዓታት የተለመደ ነው፤ እዚያ ላይ ጥሩ ተጫዋች ከደካማው የሚለይበትን አንድ ዘዴ ጽሑፋችሁ ጭራሽ አልነካውም። አምስት ሰው 400 400 ከፍሎ ፍሎፑን አየ፤ ፖቱ 2,000 ነው። ትልቁ ብላይንድ ከፍሎፑ ትልቁ ካርታ ጋር ጥንድ አግኝቷል። 200 ቢያስይዝ ቀጣዩ ሰው 2,200 ለማግኘት 200 ይከፍላል፤ 11 ለ1። መሀሉ አንድ ካርታ የጎደለው ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታዎች) እንኳ 10.75 ለ1 ስለሆነ መክፈል ያዋጣዋል። ውርርዱ ትክክል ቢሆንም ማንንም አላስወጣም። መፍትሔው ከፍሎፑ በፊት የጨመረው ሰው የት እንደተቀመጠ ማየት ነው። ወዲያው በግራ ካለ ራስህ አስይዝ፤ እሱ ሲጨምር ከኋላው ያሉት 400 በአንዴ መክፈል አለባቸው፤ 2,600 ለ400፣ 6.5 ለ1። ያ ሰው መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ ግን ቼክ በል (ሳታስይዝ እለፍ)፤ ሁሉም ቼክ ብለው እሱ 200 ሲያስይዝ ወደ 400 ጨምርበት፤ መሀል ያሉት በተመሳሳይ ዋጋ ይያዛሉ። የጎደለው ስትሬት ይወጣል ወይም በኪሳራ ይከፍላል። ፍለሽ የሚጠብቀው አይወጣም፤ እሱን ተወው። በኖ-ሊሚት ይህ ሁሉ መዞር አያስፈልግም፤ 1,500 ማስያዝ ይበቃል።

ጠባቂውም የራሱ ዘዴ አለው። በሊሚት ፍለሽ የሚጠብቅና ከሁሉ በኋላ የሚናገር ሰው ፍሎፑ ላይ 200 ሲያስይዙበት ከመክፈል ይልቅ ወደ 400 ይጨምራል። ተጋጣሚው ፈርቶ ተርኑን ቼክ ካለ እሱም ቼክ ይላል፤ 200 ጨምሮ 400 አዳነ፣ ሪቨሩንም በነጻ አየ። ካርታው ተርኑ ላይ ከመጣ ደግሞ ፖቱን ቀድሞ አሳድጎታል። ይህንኑ በኖ-ሊሚት ለማድረግ የሞከረ ሰው ተጋጣሚው ኦል-ኢን ሲገባበት (ቺፑን ሁሉ ሲያስይዝበት) ካርታውን ሳያይ ይወጣል፣ ወይም ሁሉንም ቺፑን በአንድ ሦስተኛ ዕድል ላይ ያስቀምጣል።

ወጥመድ ማጥመድ፣ ማለትም ጠንካራ እጅ ይዞ ዝም ማለት፣ በኖ-ሊሚት ቦታ አለው፤ አንድ ዙር ዝም ብሎ በሪቨሩ የተጋጣሚን ሁሉ መውሰድ ይቻላል። በሊሚት የታለፈ ውርርድ ተመልሶ አይመጣም። ፍሎፑ ላይ ሦስት ተመሳሳይ ያገኘ ሰው ወዲያው ያስይዝ፣ ይጨምር።

የመነሻ ካርታ ምርጫም ይለያያል። በሊሚት አስ-ኪንግ፣ አስ-ኩዊን፣ ኪንግ-ኩዊንና ትልልቅ ጥንዶች ቀጥ ብለው ይጫወታሉ፤ አንድ ጥንድ ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ የተለመደ አሸናፊ መንገድ ነው። አስ-ጃክ ይዞ በአስ-ኪንግ መበለጥ ሦስት አራት ውርርድ ያስከፍላል፣ ያማል፣ ግን አይገድልም። በኖ-ሊሚት ብዙ ቺፕ ባለበት ሰዓት ያው ስህተት ከውድድሩ ያስወጣል። ትንንሽ ጥንዶች በተቃራኒው ናቸው። ጥንድ የያዘ ሰው ፍሎፑ ላይ ሦስተኛውን ያለማግኘት ዕድሉ 7.5 ለ1 ነው። በኖ-ሊሚት የተጋጣሚው ቺፕ ከሚከፈለው 15 ወይም 20 እጥፍ ከሆነ ሁለት-ሁለት እንኳ መክፈል ያዋጣል፤ ከተሳካ ሁሉንም ይወስዳል። በሊሚት ሲሳካ የሚገኘው ውስን ስለሆነ ቢያንስ ሦስት አራት ሰው ቀድሞ ካልገባ አይነካም።

አሁን ወደ ብላይንድ ስርቆት። በሊሚት ከበተን ላይ (ከፍሎፑ በኋላ መጨረሻ ከሚናገርበት ቦታ) በ400 የከፈተ ሰው ትንሹ ብላይንድ ቢወጣለት፣ ትልቁ ብላይንድ 700 ለማግኘት 200 ብቻ ይጠየቃል። 22 በመቶ ማሸነፍ ይበቃዋል፤ ስለዚህ በብዙ ካርታ ይከላከላል፣ መከላከልም አለበት። በኖ-ሊሚት 2,000 ቺፕ የቀረው ሰው ያንኑ ቦታ በኦል-ኢን ሲከፍት ትልቁ ብላይንድ 2,300 ለማግኘት 1,800 መክፈል አለበት፤ 44 በመቶ። አብዛኛውን ካርታ ይጥላል። ለዚህ ነው በኖ-ሊሚት ከ10 ወይም ከ12 ትልቅ ብላይንድ በታች የወረደ ሰው «ወይ ኦል-ኢን ወይ ፎልድ» (ሁሉንም አስይዝ ወይም ካርታህን ጣል) የሚባለው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ለሊሚት ግን አይሠራም፤ ቺፕህ ሊያልቅ ካልደረሰ በቀር በአንዴ የምትገባበት ኦል-ኢን የለም።

በሊሚት ትንሽ ቺፕ የቀረው ሰው ሌላ ሂሳብ ይሥራ። 200/400 ላይ 1,200 ቀረው እንበል፤ ሦስት ትልቅ ውርርድ። በ400 ከከፈተ 800 ይቀራል፤ ፍሎፑ 200፣ ተርኑ 400 ይወስዳሉ፤ ሪቨሩ ላይ የመጨረሻው 200 ይገባል። ያ እጅ ውድድሩ ነው። ውሳኔው ያለው ካርታ ሲታደል እንጂ በኋላ አይደለም። አስ፣ ኪንግ፣ ጥንድ፤ ማለትም ሳይሻሻሉም ሊያሸንፉ የሚችሉ ካርታዎች ዋጋ አላቸው። ተከታታይ ትንንሽ ካርታዎች ዋጋ ያጣሉ፤ ቢሳካላቸውም የሚሰበስቡበት ቺፕ የለም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት የዳኝነት ደንብ አለ። በውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበር ደንብ መሠረት በሊሚት ኦል-ኢን የገባ ሰው ጭማሪ የሙሉውን ግማሽ ከደረሰ ውርርዱን እንደገና ይከፍታል፤ በኖ-ሊሚት ሙሉ ጭማሪ መሆን አለበት። ተርኑ ላይ 400 ተይዞ ሌላው በ620 ኦል-ኢን ቢገባ ጭማሪው 220 ነው። በሊሚት 400 ያስያዘው ሰው እንደገና መጨመር ይችላል፤ በኖ-ሊሚት መክፈል ወይም መውጣት ብቻ ነው። ሦስተኛ ሰው ባለበት ፖት ላይ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በዚያው ደንብ የሊሚት ጭማሪ ጣሪያ በአንድ እጅ ሁለት ሰው ብቻ ቢቀርም አይነሳም፤ የሚነሳው በጠቅላላው ውድድር ሁለት ተጫዋች ሲቀር ነው። በገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰው ሲቀር ጣሪያው መነሳቱን የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ሰው ሊሚት ውድድርን «ዝግ ያለ» ይለዋል፤ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። መጀመሪያ ላይ ማንም በአንድ እጅ አይወጣም፤ መጠበቅም ርካሽ ነው። ብላይንዱ 100 እና 200 ሲሆን አንድ ዙር 300 ያስከፍላል፤ በኖ-ሊሚት አሁን እንደተለመደው ትልቁ ብላይንድ ለሁሉም አንቲ (ከብላይንዱ በተጨማሪ የሚከፈል የግዴታ መዋጮ) ከከፈለ 500 ነው። ወደ መጨረሻው ግን ይገለበጣል። መቶ ሰው 10,000 ቺፕ ይዞ ቢጀምር በጠቅላላው 1,000,000 ነው፤ ዘጠኝ ሰው ሲቀር አማካዩ 111,000 ገደማ። ደረጃው 8,000/16,000 ከደረሰ አማካዩ ተጫዋች ያለው ከሰባት ትልቅ ውርርድ በታች ነው። አንድ እጅ በየዙሩ አንድ ውርርድ እየተከፈለ ወደ መጨረሻው ሲሄድ 48,000 ይበላል። ሁለት እጅ ተሸንፎ ሦስተኛውን ለመጀመር የሚያበቃ ቺፕ ያለው ጥቂት ነው። ብዙ ሰዓት ታግሶ የቆየ ሰው በመጨረሻው ሰዓትም መታገሱን ከቀጠለ ብላይንዱ ይበላዋል። ቺፑ የሚሰበሰበው ደረጃው ገና ዝቅ ባለበት፣ ደካሞቹም ባልወጡበት ሰዓት ነው።

ሽልማት ሊጀምር የአንድ ሁለት ሰው መውጣት ብቻ ሲቀር፣ በኖ-ሊሚት ብዙ ቺፕ ያለው ሰው ጠረጴዛውን ይገዛል፤ በእያንዳንዱ ጭማሪው የሌላውን ውድድር ያስፈራራል። በሊሚት የሚያስፈራራው በአንድ ውርርድ ነው። መክፈቱን ያብዛ፣ ግን ብላይንዱን ያለ ክርክር በሚለቁት ላይ ብቻ።

በተቃራኒው ከሊሚት ወደ ኖ-ሊሚት የሚሄደው ሰው የሚታወቀው በመክፈሉ ነው። «አንድ ውርርድ ነው» ብሎ በአንድ ጥንድ ሦስት ዙር ይከፍላል፣ ሦስተኛው ዙር ግን ቤቱን ሙሉ ይዞ ይሄዳል። ሲያስይዝም ያንሳል፤ በ1,300 ፖት ላይ 300 አስይዞ ፍለሽ ጠባቂውን 5.3 ለ1 ይጋብዘዋል። የተጋጣሚውን ቺፕ ሳይቆጥር ይገባል። ይህን ልማድ መተው የፊተኛውን ከመተው ይቀላል፤ ኖ-ሊሚት ስህተትን ቶሎ ስለሚቀጣ በአንድ ምሽት ይማራል።

ኖ-ሊሚት በሰው ዘንድ ፖከር ማለት ራሱ ሆኖ የቀረው በቴሌቪዥን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ የዓለም ፖከር ተከታታይን ዋና ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲወስድ ያ ውድድር ኖ-ሊሚት ነበር፤ በ2006 ተሳታፊው 8,773 ደረሰ። በዚያው ዓመት የመመዝገቢያ ዋጋው 50,000 ዶላር የሆነ፣ አምስት የሊሚት ጨዋታዎች የሚፈራረቁበት የሆርስ ውድድር ተጀመረ፤ ቺፕ ሪዝ አሸነፈው። የመጨረሻው ጠረጴዛ ግን የተጫወተው ኖ-ሊሚት ሆልደም (እስካሁን ያነሳሁት የካርታ ጨዋታ) ነበር። ቀናት ሙሉ በአንድ ችሎታ አጣርቶ በሌላ መሸለም ይህ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ተስተካከለ።

የኮምፒዩተር ተመራማሪዎችም ሁለቱን በአንድ ዓይን አላዩአቸውም። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲፊየስ በተባለ ፕሮግራም የሁለት ሰው ሊሚት ሆልደምን በተግባር ፈትቶታል ያለው በጥር 2015 ነው፤ የውርርዱ መጠን የተወሰነ በመሆኑ የጨዋታው ዛፍ፣ ማለትም ሊሆኑ የሚችሉ ምርጫዎች ሁሉ፣ እስከ ጫፉ ሊሰላ ቻለ። ለኖ-ሊሚት ያ መንገድ አልተቻለም። በጥር 2017 ፒትስበርግ ውስጥ ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም አራት ባለሙያዎችን በ120,000 እጅ ሲያሸንፍ ጨዋታውን ፈትቶ ሳይሆን በግምት እያሰላ ነበር።

ከሲፊየስ ለተራ ተጫዋች የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ሁለት ሰው ሲቀር በተኑ ላይ ያለው ትንሹን ብላይንድ ይከፍላል፣ ቀድሞ ይናገራል፣ ከፍሎፑ በኋላ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ሲፊየስ ከዚያ ቦታ ዝም ብሎ ብላይንዱን መሙላትን ማለት ይቻላል አይጠቀምበትም፤ ይጨምራል፣ ወይም ይጥላል፤ የሚጥለውም ጥቂት ነው። ትልቁ ብላይንድ ላይ ያለው ደግሞ ከጭማሪው በኋላ 600 ለማግኘት 200 ይጠየቃል፤ 25 በመቶ። እጅግ ደካማ ከሆኑት ጥቂት ካርታዎች በቀር ይክፈል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ